«እማዬ ስትመጣ»

(በልጄ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነው። ያልሰማችሁ ወላጆች ስለጠየቃችሁኝ ጻፍኩት።)

እንደምን ዋላችሁ፣ ወላጆች፣ መምህራን።

እንድናገር የተጠየቅኩት የልጅ አስተዳደግ ባለሙያ ስለሆንኩ አይደለም። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ልጄ እዚህ ኬጂ 3 ትማራለች። ታናሽ ወንድሟ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ባለቤቴ የጤና ባለሙያ ናት፤ ሥራዋ ክትባት ላይ ነው። በወር አሥር ቀን፣ አንዳንዴም ሃያ ቀን ፊልድ ትወጣለች። እሷ ስትወጣ ቤቱም ልጆቹም እኔ ጋ ይቀራሉ፤ የቢሮ ሥራዬም እንዳለ ነው። የወላጅ ኮሚቴው ስለዚህ እንዳወራ ሲጠይቀኝ እሺ ያልኩት፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ስለማውቅ ነው።

ጠዋት ሰርቪስ ስንጠብቅ እናወራለን እኮ። ባሏ የጅቡቲ መስመር ሹፌር የሆነ እናት አለች። አብዛኛው የአገራችን የገቢና የወጪ ዕቃ የሚመላለሰው በዚያ መስመር ነው። ሰውየው ጋላፊ ድንበር ላይ ወረፋ ይዞ ልጁ እዚህ ትኩሳት ይይዛታል። መንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ የሚያድር መሐንዲስ አለ። ሚስቱ ሪያድ ሄዳ ልጆቹን ለዓመታት ብቻውን ያሳደገ አባትም አውቃለሁ። የእሱን ሸክም ከእኔ ጋር አላወዳድረውም። የእኔ ሚስት ቀኗ ሲደርስ ትመለሳለች። ስለዚህ የማወራው ስለ እኔ ቤት ነው።

ከአንድ አነጋገር ልጀምር። «እማዬ ስትመጣ።»

ቤታችን ውስጥ ይህን ማን እንደጀመረው በእርግጠኝነት አላስታውስም። እኔ ሳልሆን አልቀርም። ልጄ «አባዬ፣ ጫማዬ ጠበበኝ» ትላለች። «እሺ፣ እማዬ ስትመጣ እንገዛለን።» «ፀጉሬን ሹሩባ ልሠራ።» «እማዬ ስትመጣ።» ቧንቧው ያንጠባጥባል፤ የሠራተኛው ስልክ እሷ ጋ ነው፣ ስትመጣ ትደውልለታለች። ኮሙኒኬሽን ደብተሩ ላይ ከመምህሯ ጥያቄ ይመጣል፤ ስትመጣ ትመልሳለች። ሲሰሙት የናፍቆት ቃል ነው። ልጆቹ እናታቸውን እንዲያስቡ የሚያደርግ ይመስለኝ ነበር።

ምን እንዳደረገ የገባኝ በክትባት ካርድ ነው።

የኩፍኝ ክትባት ሁለት ጊዜ ይሰጣል። አንደኛው በ9 ወር፣ ሁለተኛው በ15 ወር። ሁለተኛው ወደ አገራችን መደበኛ ክትባት የገባው በ2011 ዓ.ም. ስለሆነ ብዙ ወላጅ ገና አለመደውም። የ9 ወሩን ካስከተብን በኋላ ጨረስን ብለን ካርዱን መሳቢያ ውስጥ እንከታለን። ስድስት ወር ያልፋል። ልጁ ይሮጣል፣ ይስቃል፣ ደህና ነው። ማን ያስታውሳል? ሁለተኛው ያስፈለገው ግን በመጀመሪያው ብቻ በቂ መከላከያ የማያገኙ ልጆች ስላሉ ነው። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ባለቤቴ ናት። በታኅሣሥ 2015 ከ9 እስከ 59 ወር ላሉ ሕፃናት አገር አቀፍ የኩፍኝ ዘመቻ ሲካሄድ ልጃችንን ታቅፌ በመስኮት የሸኘኋት ትዝ ይለኛል።

የራሳችን ልጅ 15 ወር ሲሞላው እሷ ደቡብ ኦሞ ነበረች። ከጂንካ ዲመካ፣ ከዲመካ ቱርሚ፣ ከዚያ ኦሞራቴ። ከመውጣቷ በፊት «ካርዱ ፍሪጁ ላይ ነው፣ ሐሙስ ውሰደው» ብላኝ ነበር። ሐሙስ ስብሰባ ገባሁ። «ስትመጣ ትወስደዋለች፣ እሷ ታውቅበታለች» አልኩ። ለራሴ ነው ያልኩት፤ ለእሷ አልነገርኳትም። ስትመጣ የተጠራቀመ ብዙ ነገር ጠበቃት። እሷ፣ ሐሙስ ወስዶታል ብላ ዝም አለች። እኔ፣ ከመጣች በኋላ ወስዳዋለች ብዬ ረሳሁት። ሁለት ወር ተኩል አለፈ።

አንድ ቅዳሜ ማታ ካርዱን አንስታ አየችው። ምንም አልተናገረችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከቆይታ በኋላ «ኦሞራቴ ላይ እኮ ሁለተኛውን ያልወሰዱ ልጆች ስም ስመዘግብ ነበር» አለችኝ። «የእኔም ልጅ እዚያ ዝርዝር ውስጥ ነበር።»

ሰኞ በጠዋት ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ነርሷ ቢዘገይም እንደሚሰጥ ነግራኝ ከተበችው። ልጄ ምንም አልሆነም፤ ፈጣሪ ይመስገን። የባለቤቴ ፊት ግን ከዓይኔ አልጠፋም።

ያን ዕለት ማታ ወረቀት አወጣሁ። ያልተዘጋ ሒሳብ ሲኖር መዘርዘር የሥራ ልማዴ ነው። በዚያ በደቡብ ኦሞ ጉዞዋ ጊዜ «ስትመጣ» ብዬ ያሳደርኩትን ሁሉ ጻፍኩ። 11 ነገር ሆነ። ጫማው፣ ቧንቧው፣ ክትባቱ፣ የመምህሯ ጥያቄ፣ የልጄ ፀጉር፣ አንድ የልቅሶ ቤት፣ ሌላም ሌላም። ለ18 ቀን ቤት ያስተዳደርኩ መስሎኝ ነበር። ልጆቹን አብልቻለሁ፣ አስተኝቻለሁ፣ እሱ እውነት ነው። የሚወሰን ነገር ሁሉ ግን ተቆልሎ እሷን ይጠብቅ ነበር። ከዚያ ሙቀት፣ ከዚያ መንገድ ደክማ ትመጣለች። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ 11 ነገር በር ላይ ይቀበላታል።

ነገሩ ሥር አለው። የመጀመሪያ ልጃችን የተወለደችው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወጣ በኋላ ነው። አዋጁ ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። ለአባት ደግሞ 3 ተከታታይ ቀን፣ ከሙሉ ደመወዝ ጋር። ለአባት ፈቃድ መሰጠቱ በራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ አላሳንሰውም። ግን አስቡት። እሷ በእነዚያ ወራት የልጇ ለቅሶ የረሃብ ይሁን የሆድ ቁርጠት መለየት ተማረች። እኔ በአራተኛው ቀን ቢሮ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ስለ ልጆቹ የሚጠየቀው እሷ ሆነች። ሐኪም እሷን ይጠይቃል። ትምህርት ቤት ለእሷ ይደውላል። እኔ «አግዛታለሁ» እል ነበር፣ በኩራት። የሚያግዝ ሰው ግን የሥራው ባለቤት እስኪመጣ ነው የሚቆየው።

ስለዚህ መጀመሪያ የቀየርነው የመሸኛውን ማታ ነው። ድሮ ሁለት ገጽ መመሪያ ትጽፍልኝ ነበር። ሻንጣዋን እያዘጋጀች፣ ልጁን እያጠባች፣ «ማክሰኞ ይህን፣ ረቡዕ ያንን» ትለኝ ነበር። ቢሮ ውስጥ አንድ ገንዘብ ያዥ ሲለቅ ርክክቡ ስንት ቀን እንደሚፈጅ እኔ አውቃለሁ። ቤትን የሚያህል ነገር በአንድ ማታ እንዴት ይረከቡታል? አሁን ነገሮቹን ለሁልጊዜ ተከፋፍለናል፣ እሷ ቤት ብትኖርም ባትኖርም። ጤናና ትምህርት የእኔ ናቸው። የክትባት ካርዱ የእኔ ነው። እዚህ ትምህርት ቤት መጀመሪያ የሚደወለው በእኔ ቁጥር ነው። ዕቁቡ፣ የዘመድ ጉዳይ፣ የልብስ ነገር የእሷ ነው፤ ብዙውን ከሄደችበትም በስልክ ትጨርሰዋለች። ስለዚህ ልትወጣ ስትል የምንረካከበው ነገር ትንሽ ሆነ። የመሸኛው ማታ የእራት ማታ ሆነልን።

ስለ መሥሪያ ቤት ልንገራችሁ። እኔ ለረጅም ጊዜ ዝም እል ነበር። ስዘገይ «መንገዱ ተዘጋግቶ ነው» እላለሁ። በጊዜ መውጣት ስፈልግ «ባንክ ጉዳይ አለኝ» እላለሁ። ወንድ ልጅ «ልጆቼን ላበላ ነው» ብሎ ከቢሮ ሲወጣ አይቼ አላውቅም ነበር፤ አፈርኩ። መጨረሻ ላይ አለቃዬ ጋ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ይዤ ገባሁ። «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ባለቤቴ ከተማ ውስጥ የለችም። ጠዋት 2:45 እገባለሁ፣ 11 ሰዓት ላይ እወጣለሁ። የቀረኝን ልጆቹ ከተኙ በኋላ ከ3 ሰዓት ጀምሮ ቤት እሠራለሁ» አልኩት። ሁለት ጥያቄ ጠየቀኝና ተስማማ። ሁሉም አለቃ እንዲህ አይሆንም፤ አውቃለሁ። ግን አስቀድሞ በቀን የተነገረ ነገርና በየጠዋቱ የሚቀርብ ምክንያት አንድ አይደሉም። አንድ ነገር ደግሞ እወቁ። ያው አዋጅ ለየት ያለና ከባድ ችግር ለገጠመው ሠራተኛ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ደመወዝ ፈቃድ ይሰጣል፤ በበጀት ዓመት ሁለት ጊዜ። ደመወዝ የለውም፣ ያማል። ልጅ ሆስፒታል በተኛበት ሳምንት ግን ሳያስፈቅዱ ከሥራ ከመቅረት ይሻላል።

ሐምሌን ግን አልቻልኩትም። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። እኔ አንገቴን የማላነሳበት ጊዜ ነው። በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ክረምት ይገባል፣ ልጆቹ ውጭ አይወጡም። ባለፈው ሐምሌ እሷ 12 ቀን አልነበረችም። ትልቋን ደብረ ብርሃን አያቷ ጋ ላክኋት። ሌላ መላ አላገኘሁም። እሷ እዚያ ደስ ብሏት ነበር። እኔ ማታ ማታ አልጋዋን እያየሁ ነበር የማድረው።

አሁን የምነግራችሁን ለመናገር ትንሽ ይከብደኛል።

ቤታችን የምታግዘን እህት አለች። ከእኛ ጋር ሦስት ዓመት ሆኗታል። ማታ ትማራለች፤ ዘንድሮ 8ኛ ክፍል ናት። «ሚስቴ ፊልድ ስትወጣ ሁለቱንም ልጆች እኔ ነኝ የምይዘው» እያልኩ ለሰው አወራ ነበር። አንድ ቀን ደብተሯ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ አየሁት። የቀሪ ቀኖቿን መምህሯ በቀይ ጽፎባታል። ቀኖቹን አወቅኳቸው። ሁሉም ባለቤቴ ፊልድ የወጣችባቸው ሳምንታት ነበሩ። እኔ ቢሮ ሳመሽ እሷ ከክፍል ትቀራለች። አንድም ቀን አልነገረችኝም። ሌሊት ትንሹ ሲነሳም የምትነሳው እሷ ነበረች። እኔ ቻልኩት ያልኩትን የቻለችው እሷ ናት።

ስለ ሥራ ሰዓትና ስለ ዓመት ፈቃድ የሚናገረው ያ አዋጅ ሰው ቤት የሚሠሩትን አይጨምርም። የቤት ሠራተኛ ሥራ በሌላ ደንብ እንዲታይ ነው የተተወው። እኔ ቢሮ ውስጥ የምቆጥራቸው 8 ሰዓት በቀን፣ 48 ሰዓት በሳምንት ለእሷ የሉም። ያ አዋጅ እሷን አይጠብቃትም። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ደነገግነው። ባለቤቴ ስትወጣ ሌሊቱ የእኔ ነው። ትንሹ እኔ አጠገብ ይተኛል። እሁድ የእሷ ነው፤ ትውጣ፣ ትተኛ፣ የራሷ ጉዳይ ነው። ማታ 11:30 እኔ ቤት መገኘት አለብኝ፣ ምክንያቱም 12 ሰዓት ክፍል ትገባለች። ለአለቃዬ «11 ሰዓት ላይ እወጣለሁ» ያልኩት ስለ ልጆቼ ብቻ አልነበረም። የትዳር ጓደኛችሁ ሩቅ የሚሠራ ወላጆች፣ እባካችሁ፣ የቀረው ሥራ በማን ትከሻ ላይ እንደወደቀ ደብተር ገልጣችሁ እዩ።

ስለ ጎረቤትም ላንሳ። ትንሹ አንድ ሌሊት ትውከትና ተቅማጥ ያዘው። ኦአርኤስ ቤት ውስጥ ነበረን። አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጬ በማንኪያ ቀስ እያልኩ ሰጠሁት። ዚንኩንም በኋላ ተቅማጡ ቢቆምም 10 ቀን ጨረስንለት። ይህን አውቀዋለሁ። ግን ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የሰጠሁትን ሁሉ መለሰው፣ ዓይኑ ጎደጎደብኝ፣ ዝም አለ። መጠጣት ያቃተው፣ የደከመ ልጅ እስኪነጋ አይጠበቅም። በዚያ ሌሊት ደግሞ እህታችን አገሯ ሄዳ ነበር። ትልቋ ተኝታለች። እሷን ለማን ትቼ ልውጣ?

የጎረቤታችንን የእማማን በር አንኳኳሁ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው። ነጠላቸውን ሳይከናነቡ ወጡ።

«ምን ሆንክ ልጄ?»

«እማማ ይቅርታ፣ ልጁ አሞብኝ፣ ልጅቷ ብቻዋን እንዳትሆን...»

«ይቅርታ ትለኛለህ? ሚስትህ ስትሄድ አይቼ ስንት ጊዜ ይመጣ ይሆን እያልኩ ጠበቅኩህ። ሂድ! ሂድ ልጁን ያዝ!»

እስኪነጋ ልጄ አጠገብ ተቀመጡ። ልጁ ግሉኮስ ተሰጥቶት ጠዋት ላይ ዓይኑ በራ። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ስትወጣ ቀድሜ እማማ ጋ እሄድና «እስከዚህ ቀን ብቻችንን ነን» እላቸዋለሁ። ቁልፍም እሳቸው ጋ አለ። ፍሪጁ ላይ ደግሞ ሁለት ቁጥር ለጥፈናል። 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ 939 የአዲስ አበባ እሳትና ድንገተኛ አደጋ። ትልቋ በቃሏ ይዛቸዋለች።

ስልክን በተመለከተ ብዙ ተሳስተናል። ማታ በእራት ሰዓት በቪዲዮ እናገናኛቸው ነበር። ትንሹ ስልኩን ይስማል፣ ምስሉ ሲጠፋ ይጮኻል፣ እራት ይቀራል። እሷም እዚያ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። አሁን እሷ ኔትወርክ ስታገኝ በቴሌግራም በድምፅዋ ተረት ትልክልናለች። ጠዋት ልብስ ሲለብሱ እንሰማዋለን። ቀኑ ገና ስለሆነ ሐዘን አይቆይም። እኔም «ምን ላድርግ?» ብዬ መጻፍ ትቻለሁ። «ይህ ሆነ፣ ይህን አደረግኩ፣ አሁን ደህና ነው» ብዬ እጽፋለሁ። ከቱርሚ ሆና ምን ልታደርግልኝ ትችላለች? ከመጨነቅ በቀር።

ለትንሽ ልጅ «18 ቀን» ምንም አይደለም። ነገም የሚቀጥለው ዓመትም አንድ ነው። ስለዚህ በብርጭቆ ውስጥ ቀኗን ያህል ሽምብራ ቆሎ እናስቀምጣለን። ማታ ማታ ልጄ አንዷን ትበላለች። ብርጭቆው ሲያልቅ እናቷ መጣች ማለት ነው። አንድ ጊዜ የባለቤቴ ሥራ በሦስት ቀን ተራዘመ። ልጄ ተኝታ ሳለ ሦስት ሽምብራ ጨመርኩ። ጠዋት ቆጠረች። ቀና ብላ አየችኝ፤ «አባዬ፣ ማን ነው የጨመረው?» አለችኝ። ሳልነግራት የጨመርኩት ከመራዘሙ በላይ አስከፋት። አሁን ሲራዘም አስቀምጫት እነግራታለሁ፣ ሽምብራውንም ራሷ ናት የምትጨምረው። ታለቅሳለች። ግን ብርጭቆውን ታምነዋለች።

የመመለሻውን ቀን በተመለከተ ማንም አልነገረኝም ነበር። ደስታ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዘመድ እጠራ ነበር፣ ዶሮ ይሠራ ነበር። ትንሹ ግን እናቱን ሲያይ እኔ እግር ሥር ይደበቃል። ትልቋ ትቆጣለች፣ የቀረበላትን ትገፋለች። ባለቤቴ መታጠቢያ ቤት ገብታ ስታለቅስ ሰምቻታለሁ። አሁን በመጀመሪያው ቀን እንግዳ አንጠራም። መጥታ ምንጣፉ ላይ ትቀመጣለች። አትስባቸውም። አንዳንዴ ሩብ ሰዓት፣ አንዳንዴ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ከዚያ ትንሹ አንድ መጫወቻ ይዞ ይመጣና ጭኗ ላይ ያስቀምጣል።

እኔ ደግሞ ያልጠበቅኩት ሌላ ነገር መጣ። ያ የ11 ነገር ዝርዝር ባዶ ሲሆን ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ቧንቧው ተሠርቷል። ጫማው ተገዝቷል። ቅመሙን ሁሉ እኔ እንደሚመቸኝ አድርጌ ደርድሬዋለሁ። ገብታ ኩሽናውን አየችና ዝም አለች። ማታ «እንግዳ ሆንኩ» አለችኝ። «ያለ እኔ ሙሉ ነው።» ይህን ለመስማት አልተዘጋጀሁም ነበር። ተቆልሎ ሲጠብቃት ይደክማት ነበር። ምንም ሳይጠብቃት ሲቀር ደግሞ ቤቷ ራቃት። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ እስከ አሁንም እያወራንበት ነው። ቅመሙን ወደ ቦታው መለስኩ። ጤናውና ትምህርቱ የእኔ እንደሆኑ ቀሩ።

ከዝርዝሩ አንድ ነገር ብቻ ሆን ብለን አስቀረን። የልጄ ፀጉር። እኔ በላስቲክ አስሬ ወደዚህ እልካታለሁ፤ መምህራን ታዩታላችሁ። ጎረቤት ልትሠራት ትችላለች፣ ፀጉር ቤትም አለ። ልጄ ግን «አይሆንም፣ እማዬ ስትመጣ» አለች። ራሷ ናት ያለችው። እናቷም ፊልድ ሆና በድምፅ «ፀጉሯን እንዳታስነካብኝ» ብላ ላከችልኝ።

በተመለሰች ማግስት ደጃፉ ላይ በርጩማ ይወጣል። ልጄ እግሯ መሀል ትቀመጣለች። ሹሩባው ሁለት ሰዓት ይፈጃል። በዚያ ሁለት ሰዓት ውስጥ ልጄ የ18 ቀኑን ሁሉ ትነግራታለች፤ ማን እንደመታት፣ ማን ጓደኛዋ እንደሆነ፣ አባዬ ምን እንዳቃጠለ። እኔ ትንሹን ይዤ ዞር እላለሁ።

አመሰግናለሁ።